በነጭ ሸማ ላይ የወረደ ጥቁር ጭስ

ይህን ምስክርነት የምጽፈው ለመርካቶ ነጋዴዎች፣ ለአሮጌ መኪና ባለቤቶችና ለጋራዥ ሠራተኞች ነው። ሞተሯ የተቀየረ፣ ወንበሯ የወጣ፣ ጭሷ ሰፈር የሚያጠቁር መኪና ይዞ ዓመታዊ ምርመራ ፊት መቆም ምን እንደሚመስል አይቼዋለሁ። ሰው ሁሉ «ገንዘብ ካልሰጠሽ አታልፊም፤ እንዲህ ያለች መኪና በቀጥታ መንገድ ቦሎ አታገኝም» ይለኝ ነበር። አገኘች። እንዴት እንዳገኘች ከነዝርዝሩ መናገር አለብኝ፤ ዛሬም በዚያው ጭንቀት ውስጥ ያላችሁ ብዙ ናችሁና።

ቤተሰባችን በመርካቶ ሸማ ተራ ጋቢ፣ ነጠላ፣ ቡሉኮና ጥበብ ሲሸጥ የኖረ ነው። ዕቃው የሚመጣው በአብዛኛው ከሽሮ ሜዳና ከጉለሌ ሸማኔዎች ነው። አባቴ ይህን የሚያመላልስበት አንድ አሮጌ ቶዮታ ሃይኤስ ነበረው። መኪናዋ ስትገዛ የቤንዚን ሞተር ነበራት። ያን ጊዜ ናፍጣ ከቤንዚን ይረክስ ስለነበር፣ ብዙ ባለ ሚኒባስ እንዳደረገው ሁሉ አባቴም የመኪና ዕቃ ከሚሸጥበት ከሶማሌ ተራ «ሦስት ኤል» የሚባለውን 2.8 ሊትር የናፍጣ ሞተር ገዝቶ አስገጠመላት። የኋላ ወንበሮቿን አስወጣ፤ ጣሪያዋ ላይ ጠንካራ ፖርቶ መጋላ አስበየደ። በእሷ አሳደገን፤ በእሷ አስተማረን። ሲያርፍ መኪናዋም ሱቁም ለእኔ ቀሩ።

ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ሰኞ ምሽት ሸማ ተራ ተቃጠለ። የዚያን ምሽት ነገር አገር ያወቀው ነው፤ መንገዱ ጠባብ፣ ሱቁ በሱቅ ላይ የተደረበ፣ የእሳት አደጋ መኪና እንደ ልብ የማይገባበት ቦታ ነው። የእኛም ሱቅ ከነዕቃው፣ ከነሰነዱ ሄደ። የተረፈችኝ ሌላ ቦታ የቆመችው ሃይኤስ ብቻ ነበረች። ከዚያ በኋላ ሱቄም መጋዘኔም እሷ ሆነች፤ ከሸማኔዎቹ በእምነት የተሰጠኝን ጋቢና ነጠላ ጭኜ ለደንበኞቼ ማድረስ ጀመርኩ። ገና እየቀረበ ነበር፤ ከገና ቀጥሎ ጥምቀት። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የተባለው ለለባሹ ብቻ አይደለም፤ ለሻጩም ነው። የሸማ ነጋዴ የዓመት ገቢውን የሚሰበስበው በእነዚያ ሳምንታት ነው።

የመኪናዋ ቦሎ ያለቀው በዚሁ መሃል ነው።

ወደ ምርመራ ማዕከል ወሰድኳት። ፍሬኑ ታየ፤ አለፈ። መብራቱ ታየ፤ አለፈ። መሪው ታየ፤ አለፈ። ጭስ ላይ ሲደረስ መርማሪው ሞተሩ በደንብ እስኪሞቅ ጠበቀና ቀጭኑን የመሣሪያ ቱቦ በጭስ ማውጫው ውስጥ አስገባ። መሣሪያው በውስጡ ብርሃን ያሳልፋል፤ ጭሱ ምን ያህሉን ብርሃን እንደሚጋርድ ይለካል። ነዳጅ መስጫው በአንድ ጊዜ እስከ መጨረሻው ይረገጣል፣ ይለቀቃል፣ ደግሞ ይረገጣል፤ የንባቦቹ አማካይ ይወሰዳል። ገና መጀመሪያ ሲረገጥ የወጣው ጭስ ከኋላችን የቆመውን መኪና ከዓይናችን ሰወረው። የሚጠብቁት ሰዎች በነጠላቸውና በእጃቸው አፍንጫቸውን ያዙ። ውጤቱን መጠየቅም አላስፈለገኝም።

በዚያ ላይ ሌላ ነገር መጣ። መርማሪው ሊብሬውን ገልጦ የሞተሩን ቁጥር ሲያመሳክር አልገጠመም። ሊብሬው የሚለው የቤንዚን ሞተር ነው፤ የተቀመጠው የናፍጣ ነው። ሊብሬው የሚለው ሰው መጫኛ ነው፤ ያለው ወንበር የሌለው ባዶ ጣውላ ነው። በአዋጅ ቁጥር 681/2002 መሠረት ተሽከርካሪ የሚታወቀው በሞተርና በሻንሲ ቁጥሩ ነው፤ ሞተር የቀየረ ሰው ማስመዝገብ አለበት። የእኛዋ አልተመዘገበችም። እንግዲህ ሁለት ነገር ተጣመረብኝ፤ የጭስና የወረቀት።

ከግቢው ስወጣ አንድ ደላላ ተከተለኝ። «እህቴ፣ መኪናዋን ማምጣትም አያስፈልግሽም፤ ሊብሬውን ብቻ ስጪኝ» አለኝ። ሌላው ደግሞ የበለጠ የሚያባብል ምክር ሰጠኝ፤ ለምርመራው ቀን ብቻ በናፍጣ ፓምፑ ብሎን ናፍጣውን አስቀንሶ፣ መኪናዋን አሳልፎ፣ በማግስቱ ወደነበረበት መመለስ። «ሁሉም የሚያደርገው ነው» አለኝ።

ልቤ ወደዚያ ያዘነበለው በዕቃው ምክንያት ነበር፤ በእምነት የተሰጠኝ የሸማኔ ድካም ነው፤ ካልሸጥኩ የምመልሰው የለኝም። ቦሎ ሳይኖረኝ መንገድ ላይ ብወጣ ትራፊክ ያስቆመኛል፤ ታርጋ ይፈታል። ያም ሆኖ እሺ ለማለት አልቻልኩም። ምክንያቱን ሸማ ተራን የሚያውቅ ይረዳኛል።

እዚያ ሰፈር መኪና የሚሄደው በሰው መሃል ነው። ከፊት ለፊቱ ሰው፣ ከጎኑ ሰው፣ ከኋላው ጀርባው ላይ ከቁመቱ የሚበልጥ እስር የተሸከመ ወዛደር። ተሸካሚ ጎንበስ ብሎ ነው የሚሄደው፤ ፊቱ ወደ ጭስ ማውጫው አፍ ይቀርባል። ልጅ ያዘለች እናት መንገድ ለመልቀቅ ግድግዳ ስትጠጋ ጭሱ ከግድግዳው ተመልሶ ወደ እሷ ነው። በረንዳ ላይ የምንሰቅለው ጋቢ ደግሞ ይመሰክርብናል። ጠዋት የወጣ ነጭ ጋቢ ማታ ሲራገፍ እጥፋቱ ውስጥ የገባው ነጭ እንደሆነ ይቀራል፤ ፊት ለፊት የዋለው ይደበዝዛል። ልዩነቱ ከደንበኛ አይሸሸግም፤ ዋጋ ያስቀንሳል። ጥጡ ታጥቦ ይነጣ ይሆናል። ቀኑን ሙሉ ከጋቢው ስር ተቀምጣ ያንኑ አየር የምትስበው ሻጭ ሳንባ ግን አይታጠብም።

የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ የናፍጣ ሞተር ጭስ በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጣ የተረጋገጠ ነው ብሎ በአንደኛው ምድብ የመደበው እ.ኤ.አ. በሰኔ 2012 ነው። ይህን ካወቅሁ በኋላ፣ ለአንድ ቀን ብቻ ጭሷን ደብቄ ዓመቱን ሙሉ በሰው ፊት ላይ የምትተፋ መኪና መንዳት ለእኔ ሥራ ሊሆንልኝ አልቻለም።

ቁልፉ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ምርመራን ማለፍና ጭስን ማጥፋት አንድ ነገር አይደሉም። ይህን ደላሎቻችን ብቻ አልፈጠሩትም። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2015 የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ቮልስዋገንን ያጋለጠው በዚሁ ነገር ነው፤ መኪኖቹ ምርመራ ላይ መሆናቸውን ለይቶ የሚያውቅ ፕሮግራም ተጭኖባቸው ነበር። መሣሪያ ፊት ሲቆሙ ንጹሕ ናቸው፤ መንገድ ሲወጡ ከተፈቀደው ብዙ እጥፍ ይበክላሉ። በዓለም ዙሪያ 11 ሚሊዮን ያህል መኪና ነበር። ያ ታላቅ ፋብሪካ በኮምፒውተር ያደረገውን እኛ ሰፈር በብሎን መፍቻ ያደርጉታል። የሚከፍለው ግን ያው የሚተነፍሰው ሰው ነው።

ስለዚህ ጋራዥ ፍለጋ ወጣሁ። መጀመሪያ ያየኋቸው መካኒኮች ሞተሩን ሳይነኩ ፈረዱበት፤ «ይህ ሞተር አልቋል፤ ፋሻውም ቴስታታውም ይለወጥ» አሉኝ። ለዚያ የሚሆን ገንዘብ ከእሳቱ በኋላ ከየት ይመጣል? በመጨረሻ በናፍጣ ፓምፕ ሥራ ያረጁ አንድ ሰው አገኘሁ። ጋሼ እያልኩ ነበር የምጠራቸው።

ጋሼ መጀመሪያ የጠየቁኝ ነጭ ጨርቅ ነው። ከመኪናዋ ውስጥ የነጠላ ብጣሽ አውጥቼ ሰጠኋቸው። ሞተሩን አስነስተው ካሞቁት በኋላ ብጣሹን ከማርሚታው አፍ ኋላ ዘርግተው ያዙና ረዳታቸውን ልጅ «ርገጠው!» አሉት። ጨርቁ በቅጽበት ጠቆረ። አላዘኑም፤ ጥቁሩን በሁለት ጣታቸው አሹት፣ ወደ ብርሃን አቀረቡት፣ አሸተቱት። ከዚያ ለእኔም ሰጡኝ። ደረቅ ዱቄት ነበር፤ ጣት ላይ ይበተናል፣ አይለጥፍም።

«ልጄ፣ ዘይት ቢሆን ኖሮ ይለጥፍሽ ነበር፤ ጭሱም ወደ ሰማያዊ ይሄድ ነበር። ያን ጊዜ ፋሻው አልቋል ይባላል። ይሄ ደረቅ ጥላሸት ነው። ናፍጣው በዝቶበት፣ አየሩ አንሶት ሳይነድ የወጣ ነው። ሞተርሽ አልሞተም፤ ታፍኗል።»

ከዚያ የታፈነበትን አንድ በአንድ አሳዩኝ።

የመጀመሪያው የአየር መግቢያው ነበር። ሞተሩ ሲቀየር የቀድሞው የቤንዚን ሞተር የአየር ፊልትሮ ቤትና ጠባቡ ቱቦ እንዳለ ቀርቷል። ናፍጣ ሞተር እንደ ቤንዚን ሞተር አየሩን በክዳን እየመጠነ አያስገባም፤ በእያንዳንዱ ምት የቻለውን ሁሉ መሳብ አለበት። በዚያ ቱቦ መሳብ አልቻለም። ፊልትሮው ራሱ ደግሞ በጥጥ ብናኝና በአቧራ ተደፍኗል፤ የእኛ ሥራ ጥጥ ነውና። ጋሼ የሦስት ኤልን የራሱን የፊልትሮ ቤት ከሶማሌ ተራ አስመጥተው ገጠሙላት።

ሁለተኛው ኖዝሎቹ ነበሩ። አራቱንም ፈትተው በእጅ በሚገፋ መሞከሪያ ላይ አሰሯቸው። ጤነኛ ኖዝል ከ100 ባር በላይ በሆነ ግፊት ናፍጣውን እንደ ጉም ይበትነዋል። ከእኛዎቹ አንዱ ብቻ እንዲያ አደረገ። አንዱ በአንድ ወገን ብቻ እንደ ክር ቀጥኖ ይረጫል፤ የቀሩት ከተረጨ በኋላ ጫፋቸው ላይ ጠብታ ያንጠለጥላሉ። «ይህች ጠብታ ናት ሸማሽን የምታጠቁረው» አሉኝ ጋሼ። ጠብታ ሆኖ የገባ ናፍጣ ለመንደድ ጊዜ አያገኝም፤ ላዩ ይቃጠላል፣ ውስጡ ጥላሸት ሆኖ ይወጣል።

ሦስተኛው ፓምፑ ነው፤ ትልቁ ነገር ያለው እዚያ ነበር። የናፍጣውን ከፍተኛ መጠን የሚወስነው ብሎን ከፋብሪካ ሲወጣ እንዳይነካ ተሸፍኖ ነው። የእኛው ሽፋን ተሰብሯል። መኪናዋ ከነጭነቷ የሽሮ ሜዳን ዳገት እንድትወጣ ብሎ አንድ ሰው በአንድ ዘመን ወደ ውስጥ አዙሮታል። ጉልበት ጨምራለች፤ ጭሱም ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ነው።

ጋሼ እዚህ ላይ የነገሩኝ ነገር አዲስ አበባ ላይ ናፍጣ መኪና የሚነዳ ሁሉ ሊያውቀው የሚገባ ነው። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ያለው አየር ከባሕር ዳር አገሮች አየር ከአምስት አንድ እጅ በላይ የሳሳ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር በአንድ ምት የሚስበው አየር በዚያው ልክ ያንሳል። ፓምፑ ግን አየሩ መሳሳቱን አያውቅም፤ ለቆላ የተለካውን ናፍጣ ለደጋም ይሰጣል። አንዳንድ ፓምፖች ለከፍታ የሚያስተካክል ክፍል አላቸው፤ የእኛዋ የላትም። እንግዲህ ፋብሪካው ያሰረው መጠን ራሱ ለእኛ ከተማ የበዛ ነው። በዚያ ላይ ብሎን አዙሮ መጨመር ማለት የማይነድ ናፍጣ በገዛ ገንዘብ ገዝቶ በሰው ፊት ላይ መበተን ነው።

ኖዝሎቹ ተለወጡ። ፓምፑ መሞከሪያ ላይ ወጥቶ ተለካ፤ መጠኑ ከፋብሪካው ልክም ዝቅ ተደርጎ ለአዲስ አበባ አየር ተስተካከለ። ናፍጣው የሚረጭበት ሰዓትም ታየ። ከዚያ ጋሼ ብሎኑን ባለበት አስረው ሽፋን አበየዱበት። «ጉልበት ትቀንስብሻለች፤ ዳገት ላይ አንድ ማርሽ ዝቅ በይላት» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ አሁን ሽሮ ሜዳን የምወጣው በዝግታ ነው። የናፍጣ ወጪዬ ግን በግልጽ ቀንሷል፤ ቀድሞ ጭስ ሆኖ ይወጣ የነበረው ገንዘቤ ነበርና።

ከጭሱ ይልቅ ያደከመኝ ወረቀቱ ነው። የሞተሩ ግዢ ደረሰኝ ከሱቁ ጋር ነድዷል። ያለ ደረሰኝ ሞተሩ ከየት እንደመጣ ማሳየት አልችልም፤ ሳላሳይ ደግሞ የሚያስመዘግበኝ የለም። ከወረዳው የቃጠሎ ማስረጃ ይዤ ሶማሌ ተራ ሄድኩ። አባቴ ሞተሩን የገዛበትን ሱቅ ጎረቤቶቹ አመላከቱኝ። ባለሱቁ በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው፤ የአባቴን ስም ስነግራቸው ወንበር ሰጥተው አስቀመጡኝ። «ሐቀኛ ሰው ነበር፤ ነፍሱን ይማረው» አሉ። ከዚያ ከመደርደሪያቸው በላይ ካለ ካርቶን ውስጥ የአሮጌ ደረሰኞች ጥራዝ እያወረዱ ከልጃቸው ጋር ገለጡ። አቧራው ሁላችንንም አስነጠሰን። ቀሪው ኮፒ ተገኘ፤ ሰማያዊው ካርቦን ደብዝዟል፣ የሞተሩ ቁጥር ግን ይነበባል። የጉምሩክ ዲክላራሲዮኑንም ቅጂ ጨመሩልኝ። ለድካማቸው ልከፍል ስል እጄን መለሱት።

በዚያ ሰነድ የሞተሩ ቁጥር ያልተፋቀ መሆኑ ተረጋገጠ፤ ለውጡ ሊብሬው ላይ ተጻፈ፤ መኪናዋም ዕቃ መጫኛ ተብላ ተመዘገበች። በአንድ ቀን ያለቀ አይደለም፤ «ነገ ተመለሺ» የሚለውን ቃል ደጋግሜ ሰምቻለሁ። ዕቃዬን በዚያ ሁሉ ጊዜ በተሸካሚና በሰው መኪና ነበር የማደርሰው። ሸማኔዎቹ ታገሡኝ፤ አንዳቸውም ብሩን አምጪ ብለው አልገፉኝም።

ለሁለተኛ ጊዜ ምርመራ ስንቆም ያ መርማሪ ራሱ ነበር። ቱቦውን አስገባ፤ ረገጠ። የወጣው ስስ ግራጫ ነው፤ ከኋላ የቆመው መኪና ታርጋ በግልጽ ይነበባል። ደግሞ ረገጠ፤ ደግሞ። ጎንበስ ብሎ ሞተሩን ተመለከተና «ሞተር ቀየርሽ እንዴ?» አለኝ። «ያው ሞተር ነው» አልኩት። አላመነኝም፤ ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር አስተያየ። ገጠመ። ከገና በፊት ቦሎው መስታወቷ ላይ ተለጠፈ፤ ለጥምቀትም ዕቃዬን ሸጬ የሸማኔዎቹን ዕዳ መለስኩ።

ይህን ሁሉ የምናገረው የእኔ መኪና የብቻዋ ስላልሆነች ነው። መንግሥት በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታውቋል፤ ከዚያ ቀደም ብሎም በአዋጅ ቁጥር 1186/2012 ያገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ የኤክሳይዝ ታክስ ተጥሏል። ዓላማው መልካም ነው፤ ነገ የኤሌክትሪክ መኪና ይበዛል። ዛሬ ግን አዲስ መግዛት የማይችል ሰው ያለውን አሮጌ መኪና እየጠገነ ይኖራል፤ ሞተር ይቀይራል፣ አካል ያስበይዳል። እነዚህ መኪኖች ገና ብዙ ዓመት አብረውን ናቸው። ንጹሕ ሆነው እንዲሠሩ ማድረግ የሚቻል ከሆነ፣ የሚቻልም መሆኑን በዓይኔ አይቻለሁ፣ ጭሳቸውን እንደ ዕጣ ፈንታ መቀበል ግፍ ነው።

ምርመራ ማዕከላትን የምለምነው አንድ ነገር ነው፤ «ጭስ፦ ወድቋል» ብላችሁ አትሸኙን። ጥቁር ነው፣ ሰማያዊ ነው፣ ነጭ ነው? ይህን አንድ ቃል ብትጽፉልን ባለመኪናው ለማያስፈልግ ሞተር ማውረድ ገንዘቡን አይበትንም፤ ተስፋ ቆርጦም ደላላ እጅ አይወድቅም። የሞተር ለውጥ የሚመዘገብበትም መንገድ ለሐቀኛ ሰው ይቅለል፤ የሚያስቸግር ሲሆን ሰው ይደብቃል፤ የተደበቀ ሞተር ደግሞ ማንም አያስተካክለውም።

የመኪና ባለቤቶች ሆይ፣ ለደላላ የምትከፍሉትን ይዛችሁ መጀመሪያ ወደ ጋራዥ ሂዱ። ነጭ ጨርቅ ያዙ፤ ጥላሸቱን በጣታችሁ እሹት። ደረቅ ከሆነ ከርካሹ ጀምሩ፤ ፊልትሮውን ክፈቱ፣ የአየር ቱቦውን እዩ። ቀጥሎ ኖዝሎቹ ይሞከሩ። ከዚያ ፓምፑ ለዚህ ከተማ ከፍታ ይለካ፤ ከተለካ በኋላም ብሎኑ ይታሸግ። ሞተር ማውረድ የመጨረሻው ይሁን። ደረሰኛችሁን ደግሞ ከሱቅ ውጪ ሌላ ቦታ ኮፒ አድርጋችሁ አስቀምጡ። እኔ በዚህ መንገድ አልፌያለሁ፤ እናንተም ታልፋላችሁ።